የሰላም ገንዘብ በተማሪ እጅ



ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተው በየኮሌጁና በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩት፣ የጋበዙኝ ልጆቻችን በደብዳቤያቸው ያቀረቡልኝ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ የኮሌጅ ተማሪ በተወለደበት ቀዬ የሰላም ሥራ እንዲሠራ ገንዘብ የሚሰጡ አሉ፤ እኛ ብናገኝ ምን ብናደርግበት ይሻላል? ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። ገንዘቡ ኪሱ ሳይገባ ስለ አወጣጡ የሚጨነቅ ሰው በዘመናችን እንደ ልብ አይገኝም።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፤ ዲስኩር ሲረዝም አዳራሽ ያንቀላፋልና። ለሰላም የሚሰጥ ገንዘብ የሚጠቅመው ትንሽ ሲሆን፣ የተጣሉ ሰዎች በእጃቸው አብረው ለሚይዙት ሥራ ሲውልና ተማሪው ሒሳቡን ለአገሬው ሰው ሲያቀርብ ነው። ከሦስቱ የመጨረሻው ይበልጥብኛል፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለውን እንይ። ካትሪን ዋሰርማን ዴቪስ የሚባሉ አሜሪካዊት ነበሩ። በወጣትነታቸው ሶቪየት ኅብረት ከመንግሥታት ማኅበር ጋር የነበራትን ግንኙነት አጥንተው በጄኔቫ የዶክተርነት ማዕረግ ያገኙ ሰው ናቸው። እኚህ ሴት በየካቲት 1999 ዓ.ም. መቶኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ 1 ሚሊዮን ዶላር አወጡና ለ100 የተማሪ ፕሮጀክቶች 10,000 ዶላር እያደረጉ እንዲከፋፈል አደረጉ። ለአንድ ዓመት ብቻ የታሰበ የልደት ስጦታ ነበር። ነገር ግን ሥራው ስላማራቸው ቀጠሉበት፤ በ2005 ዓ.ም. በ106 ዓመታቸው ካረፉም በኋላ አልተቋረጠም። «የሰላም ፕሮጀክቶች» ይባላል፤ የሚያስተዳድረውም በአሜሪካ ቬርሞንት የሚገኘው ሚድልበሪ ኮሌጅ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ እኔን የሳበኝም ይኸው ቀላልነቱ ነው። ሐሳቡን የሚያመነጨው ተማሪው ራሱ ነው። ሁለት ገጽ ሐሳብ፣ አንድ ገጽ በጀት ይጽፋል። ከተመረጠ በእረፍቱ ወራት ሄዶ ይሠራል፣ ሲመለስ የሠራውን ጽፎ ያስረክባል። የእኛ አገር ፕሮፖዛል አባሪው ብቻ ስንት ገጽ እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ታዲያ ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛው፣ ማመልከት የሚችለው ከፕሮግራሙ ጋር በተስማሙ ኮሌጆች የሚማር ተማሪ ነው፤ እነዚህ ኮሌጆች ደግሞ በአብዛኛው አሜሪካ ውስጥ ያሉ ናቸው። የጨጨሆ ልጅ የትምህርት ዕድል አግኝቶ እዚያ ከተማረ አገሩ መጥቶ ሊሠራበት ይችላል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪ በሚቀበለው በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያለው የእናቱ ልጅ ግን በሩ አልተከፈተለትም። ሁለተኛው እንቅፋት የወቅት ነው። የእነርሱ የእረፍት ወራት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ የእኛ ክረምት። በሽሎ ሞልቶ፣ ገበሬው እርፍ ጨብጦ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳለ ማንን ሰብስበን ስለ ሰላም እንነጋገራለን? የእኛ ሰው የሚታረቀው በጥር ነው። እህሉ ጎተራ ሲገባ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ ነው ሽማግሌ የሚላከው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

ተማሪን ወደ ገጠር መላክ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ሠርተዋል። ከዚያ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወጡ። ፊደል አስቆጥረዋል፣ ትምህርት ቤት ሠርተዋል፣ የመሬት አዋጁን አስረድተዋል። ግን በብዙ ቦታ ከአካባቢው ባለሥልጣንና ከፖሊስ ተጋጭተው፣ አንዳንዱም ሞቶ፣ አንዳንዱም ጠፍቶ ነው ያለቀው። በዚህ አዳራሽ ዘማች የነበራችሁ ካላችሁ ከእኔ በላይ ትናገራላችሁ። በቅርቡ ደግሞ የሰላም ሚኒስቴር «በጎነት ለአብሮነት» ብሎ ተመራቂዎችን ከተወለዱበት ርቀው እንዲያገለግሉ አሰማርቷል።

እነዚህ ሁሉ በመልካም ልብ የታሰቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው። ተማሪውን የላከው መንግሥት ነው፤ ገበሬው አልጠራውም። የላከህ ሰው ነው ሪፖርት የሚጠይቅህ፤ ስለዚህ ዓይንህ ወደ ላኪህ ያያል። የውጭ ለጋሽም ከዚህ አይለይም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 በእርቅና በግጭት አፈታት የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክሎ ነበር። አሥር ዓመት ያህል እንዲያ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተነሣ። በሩ ተከፈተና የሰላም ፕሮጀክት እንደ እንጉዳይ ፈላ። ሆቴል ተከራዩ፣ ባነር ሰቀሉ፣ ቲሸርት አደሉ፣ ውሎ አበል ከፈሉ። ከዚያ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅቱን ዘጋው፤ ብዙው ስብሰባ በአንድ ጀምበር ቆመ። አበል ለምዶ የነበረው ተሰብሳቢ ዛሬም በነጻ ና ቢሉት እግሩ ይከብደዋል። ለዚህ ጥፋት ተጠያቂው ገበሬው አይደለም፤ ያስለመዱት ናቸው።

ወደ አገራችን እንምጣ፤ ጊዜዬንም በዚህ ላይ ላጥፋ።

ከጉና ራስጌ እስከ በሽሎና ዓባይ በረሃ ያለውን ምድር ታውቁታላችሁ። ደጋው ገብስና ድንች፣ ቆላው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። የተዳፋቱን አፈር ጎርፍ አጥቦ ጨርሶታል፤ ሴፍቲኔት ብዙ ቤት የገባውም ስለዚሁ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላው በፖለቲካ አይደለም። በወሰን ድንጋይ ነው። አንዱ ሲያርስ አንድ ትልም ያልፋል፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ከወሰኑ አጠገብ ይተክልና ሥሩ የጎረቤቱን ጤፍ ያቀጭጫል። ምንጩ ይደርቅና ቀጂዎቹ ይጋፋሉ። የጉና ግርጌ ግጦሽ ደግሞ የሁሉም ነው፤ የማንም አይደለም። በክልላችን በ1989 ዓ.ም. የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት» ብሎ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው የሰጠው መሬትም አለ። በኋላ የይዞታ ደብተር ሲታደል ብዙ ክርክር ረገበ፤ ቂሙ ግን በደብተር አልተዘጋም። አባቱ መሬት የተቀነሰበትና አባቱ ያን መሬት የተቀበለ ሁለት ልጆች አንድ ትምህርት ቤት ይማሩ ይሆናል።

ነገር ሲከር ሰው ይሞታል፤ ሰው ሲሞት ደም ይሆናል። ደም ከሆነ በኋላ ያለውን ሥርዓት የምታውቁ አባቶች እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ለልጆቹ ግን ባጭሩ ልንገራቸው። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ የሟች ወገን መጀመሪያ አይቀበልም። ሽማግሌው ይመላለሳል። ካህን መስቀል ይዞ ይገባል፣ እስላም ክርስቲያኑ ተደባልቆ በሚኖርበት ሼኩም አብሮ ይቀመጣል። ልብ ሲራራ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ ደሙ ደረቀ ይባላል። ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል እንጂ ደሙን አያደርቅም፤ ለዚህ ነው መንግሥት ተለዋውጦ ሽምግልና ያልተለዋወጠው።

ታዲያ ሽማግሌ ካለ ተማሪ ምን ይሠራል? የዛሬው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው።

እኔ ሦስት ነገር ይታየኛል። ሽማግሌ አባትን ያስታርቃል፤ ደሙን እንዲመልስ እየተነገረው ያደገውን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን ማን ያነጋግረዋል? ሽማግሌው ለእርሱ አያት ነው። በዕርቁ ቀን ዝም ብሎ ቆሞ ያያል፤ ምን እንደሚያስብ ግን አይጠየቅም። ያንን ልጅ ሊያነጋግረው የሚችለው እኩያው ነው፤ ኳስ አብሮት የተራገጠ፣ ከአንድ መንደር ወጥቶ ኮሌጅ የገባ ልጅ። የተማሪ ጉልበት ከሁሉ የሚበልጠው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና የመኪና ኪራይ ይበቃል።

ቀጥሎ ሴቶች አሉ። የዕርቁ ሸንጎ የወንድ ነው። የሟች እናት ልቅሶዋ ይሰማል እንጂ ሐሳቧ አይጠየቅም። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ሁለቱን ወገን በዝምድና ለማሰር ተብሎ ልጅ በጋብቻ ስትሰጥ ኖራለች፤ ይህን እንደ ጥሩ ባህል የሚቆጥር ካለ እኔ አልስማማም። የታረቁት አባቶች ናቸው፤ ዋጋውን የከፈለችው ልጅቱ ናት። የሴት ተማሪዎች ቡድን የሁለቱን ወገን እናቶች ለብቻ ቢያነጋግርና የሰማውን ለሽማግሌዎቹ ቢያደርስ በሥርዓቱ ውስጥ ያልነበረ ድምፅ ይገባል።

ነፋስ መውጫ ላይ የሆነውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ከተማዋ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ተይዛ በነበረችባቸው ጥቂት ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ በዘገባ አውጥቶታል። የተማሪ ፕሮጀክት ይህን ቁስል እከፍታለሁ ብሎ እንዳይነሣ እለምናለሁ። የሚጠይቅ ሁሉ አካሚ አይደለም። ተማሪው ሊሠራ የሚችለው ሴቶቹ የሚቀመጡበትን፣ የሚነግዱበትን፣ የሚቆጥቡበትን ማኅበር መደገፍ ነው። ጠባሳውን ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው።

ሦስተኛው ጽሕፈት ነው። ሽማግሌዎች የጨረሱት ጉዳይ በቃል ይቀርና ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆች «አባቶቻችን እንዲህ አልተባባሉም» ይላሉ። የወሰን ስምምነት ቢጻፍ፣ ሁለቱም ወገን ቢፈርም፣ አንዱ ቅጂ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ፣ አንዱም በቀበሌ ቢቀመጥ ምን ያህል ክርክር ይቀራል? ለዚህ ደብተር፣ እስክሪብቶና ፊደል የቆጠረ ሰው ይበቃል።

አሁን ስለ ሰባራ ድልድይ ልንገራችሁ፤ የእስቴ ሰዎች ታውቁታላችሁ። በዓባይ ላይ፣ በሞጣና በዚህ ወገን መካከል፣ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ተቆርጦ ከዚያ በኋላ በዚህም በዚያም ያለ ሰው በገመድ እየተሳሳበ ይሻገር ነበር። ሰው ሲንጠለጠል ገበያው፣ ሠርጉና ለቅሶው ሁሉ አብሮ ተንጠለጠለ ማለት ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው የዚያን የገመድ መሻገሪያ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። በዓመቱ መጥቶ ከአካባቢው ሰው ጋር የተቆረጠውን በብረት ቀጠለው። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 እንደገና ተመልሰው ተንጠልጣይ ድልድይ ሠሩ።

ይህን ያነሣሁት ሰውየውን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገሩን አስተውሉት። ድልድዩን ማንም «የሰላም ፕሮጀክት» አላለውም። ባነርም አልተሰቀለም። ግን ጎጃሜውና ጎንደሬው በአንድ ገበያ ላይ እንዲገናኙ አድርጓል። ደግሞም የመጀመሪያው ሥራ በጎርፍ ሲፈርስ ሥራው ከሸፈ ብለው አልተዉትም፤ ተመለሱ። የአንድ ክረምት ገንዘብ ብቻ የሚሰጥ ለጋሽ ሁለተኛውን ጉዞ አይከፍልም። ስለዚህ፣ ኋላ እንደምላችሁ፣ የራሳችን ገንዘብ ሲኖረን ለአንድ ሐሳብ ሁለት ጊዜ እንስጥ፤ መጀመሪያ ለሥራው፣ በዓመቱ ደግሞ የፈረሰውን ለማደስ።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ የምትሠሩትን «ሰላም» ብላችሁ አትጥሩት። ሁለት ቀበሌ የሚጋፋበትን ምንጭ አጎልብቱ። ሲሚንቶና ቧንቧ ግዙበት፤ ድንጋዩን ሁለቱም ወገን በደቦ ያቅርብ፤ የውኃ ኮሚቴውን ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ አድርጉት። ወሰን ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ሁለቱ ጎረቤቶች በስምምነት ቆርጠው ዋጋውን የሚካፈሉበትን መንገድ አስቡ። በጥይት የተበሳሳ የትምህርት ቤት ጣሪያ ካለ ከሁለቱም ወገን ያሉ ወላጆች አብረው ይክደኑት። ማዶ ለማዶ አስቡ፤ ከበሽሎ ባሻገር ደቡብ ወሎ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አለ። የእዚያና የደብረ ታቦር ተማሪዎች በአንድ ሐሳብ ላይ ቢጽፉ ምን ይከለክላቸዋል?

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፤ ወላጆችም ስሙኝ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ያለውን ጦርነት ሁላችሁም በቤታችሁ ታውቁታላችሁ። መሣሪያ በያዙ ወገኖች መካከል ገብቶ ማስታረቅ የተማሪ ሥራ አይደለም። ወረቀትና ካሜራ ይዞ መንደር ለመንደር የሚዞር ልጅን አንዱ ወገን የሌላው ሰላይ ነው ሊለው ይችላል። ሽማግሌዎች አሁን ቦታው አይመችም ካሉ ገንዘቡ ይቆይ፤ ልጁ አይሂድ። ፎቶ ማንሣትና ስም መመዝገብም በሰጪው ፍላጎት አይሁን፤ አስፈላጊነቱን ቀዬው ይወስን።

አሁን ሒሳቡ ላይ ደረስን፤ እመለስበታለሁ ያልኩት ይኸው ነው። 10,000 ዶላር በዛሬው ምንዛሪ ከሚሊዮን ብር በላይ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ የሃያ ዓመት ልጅ እጅ ሲገባ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ልክ ባይነገረውም ይገምታል፤ ሲገምትም ያበዛዋል። ሰላም አመጣለሁ ብሎ የሄደ ልጅ በዚህ ብቻ ጠብ ሊያስነሣ ይችላል። እኔ ብሆን ከዚያ እጅግ ያነሰ ገንዘብ ለብዙ ልጆች እሰጣለሁ። ቁጥሩን ለእናንተ እተዋለሁ፤ ግን ለአንድ ምንጭ ሲሚንቶ የሚበቃ እንጂ መኪና የሚገዛ አይሁን።

ለጋሽ ደረሰኝ ይላል። በወገዳ ወይም በአርብ ገበያ ከተማ ገበያ አሸዋ የጫነ አህያ ነጂ ደረሰኝ አይቆርጥም። ልጁ ታዲያ ምን ያደርጋል? የሐሰት ደረሰኝ ይፈልጋል፤ የሰላም ሥራው በሐሰት ይጀምራል። ከዚህ የተሻለ ዘዴ በእጃችን አለ። ሒሳቡ በእድር ስብሰባ ይነበብ። ይህን ያህል ተቀበልን፣ ለሲሚንቶ ይህን፣ ለአህያ ይህን፣ ለግንበኛ ይህን ከፈልን ይባል። አንዲት ሴት፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ተማሪ ይፈርሙ። ዋሽቶ ለሚድልበሪ የጻፈ ልጅ የሚያየው የለም፤ ዋሽቶ በእድር ፊት ያነበበ ግን አህያ ነጂው እዚያው ተቀምጦ ይሰማዋል። ከኦዲተር ሁሉ የበለጠ ኦዲተር ያ አህያ ነጂ ነው። የተረፈ ብር ካለ ለእድሩ ይግባ፤ ወደ ሰጪው አይመለስ።

እንግዲህ የመጣችሁ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ሆይ፣ በውጭ አገር ያላችሁም ቃሌ ይድረሳችሁ። ለቤተ ክርስቲያን ጉልላትና ለመስጊድ ሚናራ በልግስና እንደምትሰጡ አውቃለሁ፤ ደግ ነው። ከዚያ ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ለእነዚህ ልጆች መነሻ አድርጉ። ዴቪስ የተባሉት ሴት በልደታቸው ቀን እንዳደረጉት፣ እናንተም የልጃችሁን ክርስትና ወይም ሠርግ ስታደርጉ ለአንድ ተማሪ የሚሆን ገንዘብ ለዩ። መራጮቹ አምስት ይሁኑ፤ ሁለቱ ሴቶች፣ አንዱ ከአገር ቤት የመጣ ሽማግሌ። የአንዱ ወረዳ ልጅ የሌላውን ሐሳብ ይመዝን እንጂ የራሱን አይምረጥ፤ ጋይንቴው ለጋይንት፣ ስማዴው ለስማዳ ካዳላ የሰላሙ ገንዘብ እኛኑ ያጣላናል።

ጥሪው በጥቅምት ይውጣ፤ ምርጫው በታኅሣሥ ይለቅ፤ ልጆቹ መንገዱ ሰላም በሆነበት በጥር እረፍታቸው ይሂዱ። ተማሪዎች፣ ሁለቱን ገጽ በአማርኛ ጻፉት። ሲነበብላቸው የቀበሌያችሁ ሽማግሌ የሚረዱት፣ እናታችሁም ሰምታ «ይኼ አይሆንም፣ እንዲህ አድርጉት» የምትላችሁ ይሁን። እርሷ ያረመችውን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ጥሪው ሲወጣ የመጀመሪያውን የማነብላችሁ እኔ ነኝ።